ተከሳሹ ካርድ፦ በአንድ የጎንደር ቪዲዮ ቤት የተደጋገመ የግራፊክስ ካርድ መቋረጥ (የጉዳይ ጥናት)

ጉዳዩ ለምን እንደተመዘገበ

ባለፈው የሠርግ ወቅት ጎንደር ውስጥ ወደሚገኝ አንድ የፎቶና ቪዲዮ ቤት ተጠርቼ የሠራሁት ጥገና አምስት ሳምንት ገደማ ፈጀ። በመጨረሻ የተለወጠው ዕቃ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ተፈትቶ የሚገጠም ነበር። ያ ሁሉ ጊዜ የት እንደጠፋ ማሳየት ለሌሎች የጥገና ባለሙያዎችና ለማሽኑ ባለቤቶች ይጠቅማል ብዬ ስላመንሁ፣ የሳትኋቸውን ነገሮች ጭምር ሳላስቀር ነገሩ በሄደበት ቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። የቤቱ ባለቤትና ኤዲተሩ ስማቸው እንዳይጠቀስ ጠይቀው ታሪኩ እንዲጻፍ ፈቅደዋል።

ቦታውና ማሽኑ

ቤቱ ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ በአንድ መኖሪያ ግቢ ውስጥ በተከራያቸው ሁለት ክፍሎች ይሠራል። ግቢው ያለው አንድ ቆጣሪ ብቻ ነው፤ ወደ ዋናው ቤት፣ ወደ ማድ ቤቱና ወደ ኪራይ ክፍሎቹ የሚሄደው መስመር ሁሉ ከእርሱ ይነሣል። ይህን በመጀመሪያው ቀን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ማስታወሻዬ ላይ ግን አላሰፈርሁትም።

ሥራቸው በአብዛኛው ሠርግ ነው። ጥምቀት እንዳለፈ ሠርጉ ይደራረባል፣ ዐቢይ ጾም እስኪገባም ቅዳሜና እሑድ ክፍት ቀን አይገኝም። አንድ ሠርግ በሁለት ካሜራ ተቀርጾ፣ ብዙ ጊዜም መልሱ ተጨምሮበት፣ ቀለሙ ተስተካክሎ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚረዝም ፊልም ሆኖ ይወጣል። ቀረጻው የሚደረገው ቅዳሜና እሑድ ስለሆነ ሬንደሩ፣ ማለትም የተቀናበረውን ምስል ወደ ተጠናቀቀ ፊልም የማውጣቱ ሥራ፣ በሳምንቱ መካከል ይከማቻል። እኔ በጥር መጨረሻ ስጠራ ስድስት ሠርጎች ተቀርጸው ያልተረከቡ ነበሩ፤ ከሙሽሮቹ አንዱ በየቀኑ ይደውል ነበር።

ማሽኑ ራይዘን 5 2600 ፕሮሰሰር፣ 16 ጊጋባይት ራም፣ ባለ 6 ጊጋባይት ጂቲኤክስ 1060 ግራፊክስ ካርድ፣ ሁለት ሃርድ ዲስክና አንድ ኤስኤስዲ የያዘ ሲሆን የሚሠራው በዊንዶውስ 10 ነው። ካርዱ ያገለገለ ሆኖ ተገዝቶ ከሁለት ዓመት በላይ ያለ እንከን ሠርቷል። ባለቤቱን «በቅርቡ የቀየራችሁት ነገር አለ?» ብዬ ስጠይቀው «ምንም የነካነው ነገር የለም» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ቢያንስ እርሱ እውነት ነው ብሎ የሚያምነውን ነበር የነገረኝ።

ችግሩ እንዴት ይታይ ነበር

ሬንደር ተጀምሮ ከአምስት ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ስክሪኑ ድንገት ይጠቁራል። አንዳንዴ ከሁለት ሦስት ሰከንድ በኋላ ይመለስና የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ «የግራፊክስ ስህተት» ብሎ ይዘጋል። አንዳንዴ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳይል ማሽኑ ጠፍቶ ራሱ ይነሣል። ኢንተርኔት ሲከፈት፣ ፎቶ ሲስተካከል ወይም ፊልም ሲታይ ይህ ሁሉ አይደርስም።

የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ የሆነው ኢቨንት ቪውወር ሲከፈት በቁጥር 4101 የተመዘገቡ መልእክቶች ተደርድረው ተገኙ፤ የዲስፕሌይ ድራይቨሩ (ዊንዶውስን ከካርዱ ጋር የሚያገናኘው ሶፍትዌር) መልስ መስጠት አቁሞ እንደገና መነሣቱን የሚናገሩ ናቸው። ሰማያዊው ስክሪን የሚያሳየው ኮድም በ116 የሚያልቀው፣ ከዚሁ ጋር የሚዛመደው ነው። ሁለቱም የሚመነጩት ከአንድ አሠራር ነው፦ ዊንዶውስ ለግራፊክስ ካርዱ ሥራ ሰጥቶ ይጠብቃል፤ ካርዱ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ካልመለሰ እንደተሰናከለ ቆጥሮ ድራይቨሩን እንደገና ያስነሣል፤ ማስነሣቱም ካልተሳካ ሰማያዊውን ስክሪን ያመጣል። መልእክቱ እንግዲህ «ካርዱ አልመለሰም» ይላል እንጂ ለምን እንዳልመለሰ አንድም ቃል አይናገርም። ይህን አውቃለሁ፤ ለሌላ ሰውም ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ። ሆኖም «ድራይቨር» የሚለው ቃል ስክሪኑ ላይ ሲጻፍ ሰው ሁሉ ወደ ድራይቨሩ እንደሚሮጠው እኔም ሮጥሁ።

ከእኔ በፊትና በእኔ እጅ የተሞከረው

ኤዲተሩ ድራይቨሩን አራት ጊዜ አጥፍቶ ጭኖታል። ከእኔ በፊት የተጠራ ሌላ ባለሙያ ደግሞ የዊንዶውስ ቅንብሮች የሚቀመጡበት ሬጅስትሪ ውስጥ ገብቶ ያን የሁለት ሰከንድ ገደብ ወደ 60 ከፍ አድርጎት ነበር። ውጤቱ የሚገርም ነው፦ ቀድሞ ስክሪኑ ለአፍታ ጠቁሮ ይመለስ የነበረው፣ ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ለአንድ ደቂቃ ያህል ድርቅ ብሎ ከቆየ በኋላ ይወድቅ ጀመር። ገደቡን ማራዘም ካርዱ ጤነኛ ሆኖ የተሰጠው ስሌት በእርግጥ ረጅም በሚሆንበት ጊዜ ትርጉም አለው፤ እዚህ ግን ያደረገው የውድቀቱን ሰዓት ማዘግየት ብቻ ነው። ወደ ነበረበት መለስሁት።

እኔም በተራዬ ዊንዶውስን በሴፍ ሞድ አስነሥቼ የቀድሞውን ድራይቨር ከነርዝራዡ ዲዲዩ በተባለው የድራይቨር ማጽጃ ፕሮግራም አጸዳሁና አንድ ዓመት ያህል የቆየ፣ ብዙ የተፈተነ ድራይቨር ጫንሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ምንም አልሆነም። ባለቤቱ ደስ ብሎት ሒሳቤን ሊከፍለኝ ተነሣ። በሦስተኛው ቀን ወደቀ። በኋላ ስንቆጥር ለካ ሁለቱ ቀናት ቅዳሜና እሑድ ነበሩ፤ ሁሉም ለቀረጻ ወጥተው ማሽኑ ሬንደር አልነካም። የተሻለው ሥራ ስላልነበረው ነው።

ከዚህ በኋላ ሁለት ነገር አደረግሁ፤ እነዚህን ከመጀመሪያው ባደረግኋቸው ኖሮ እላለሁ። አንደኛው፣ በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ከተቀረጸው የራሳቸው ምስል የ20 ደቂቃ ቁራጭ ወስደን፣ ቀለምና የድምፅ ማጽጃ ሁሉ የተጫነበት አንድ የሙከራ ፕሮጀክት አዘጋጀን፤ ከዚያ ወዲህ «ተሻለው» የሚባለው ይህ ፕሮጀክት በተከታታይ ሦስት ጊዜ ሳይቋረጥ ሲወጣ ብቻ እንዲሆን ተስማማን። ሁለተኛው፣ ኤዲተሩ እያንዳንዱን መቋረጥ በደብተር እንዲመዘግብ ነው፦ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ምን እየተሠራ እንደነበረ፣ ስክሪኑ ምን እንዳሳየ። የመጀመሪያዎቹ መዝገቦች «3 ሰዓት» ብቻ እያሉ ስለተጻፉ ከጠዋቱ ይሁን ከምሽቱ ለማወቅ ከኢቨንት ቪውወሩ ጋር ማመሳከር ነበረብን፤ ከዚያ በኋላ ኤዲተሩ «ቀን» ወይም «ማታ» ብሎ መጨመር ልማዱ አደረገ።

የሙቀት ጥርጣሬ

ካርዱ በሥራ ላይ 86 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርስ ነበር። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያነሣው ሙቀት ያንሳል። በዚህ ላይ የበጋው አቧራ አለ። ካርዱን ስፈታው በሙቀት ማስተላለፊያው ክንፎች መካከል አቧራው ተጋግሮ ስስ ጨርቅ መስሏል፤ ሙቀቱን ከቺፑ የሚያስተላልፈው ቅባት፣ ቴርማል ፔስቱም፣ ደርቆ እንደ ጠመኔ ይፈረፈራል።

አጸዳሁ፣ ፔስቱን ቀየርሁ፣ የኬዙን የኋላ ፋን ትክክለኛ አቅጣጫ አስያዝሁ። ሙቀቱ በዚያው የሙከራ ፕሮጀክት ከ86 ወደ 73 ወረደ። ይህ ለብቻው ጥሩ ሥራ ነው፤ የካርዱን ዕድሜ ይጨምራል፤ አልጸጸትበትም። መቋረጡ ግን አልቆመም። በማግስቱ ማሽኑ ሲወድቅ የሙቀት መዝገቡ የያዘው የመጨረሻ ቁጥር 71 ነበር። ካርዱ በዚህ ሙቀት ሊሰናከል የሚገባው ካርድ አይደለም፤ ይህ ሞዴል ሙቀቱ ወደ 83 ሲጠጋ ፍጥነቱን ራሱ እየቀነሰ ለመኖር የተሠራ ነው።

ካርዱን አውጥቶ መፈተሽ፣ የእኔም ስህተት

ቀጥሎ ካርዱን ነቅዬ ወደ መሥሪያዬ ወሰድሁት። በእኔ ማሽን ላይ ያንኑ የሙከራ ፕሮጀክት አምስት ጊዜ በተከታታይ አወጣ፤ ፉርማርክ የተባለውን የካርድ መፈተኛም አርባ ደቂቃ ተቋቋመ። ለባለቤቱ ደውዬ ካርዱ ጤነኛ መሆኑን ነገርሁት፤ በዚህ አልተሳሳትሁም።

የተሳሳትሁት ቀጥሎ በደረስሁበት ድምዳሜ ነው። «ካርዱ ጤነኛ ከሆነ ማዘርቦርዱ ነው» አልሁ። ካርዱ የሚሰካበትን ቦታ በአልኮል አጸዳሁ፣ ባዮሱን (ማሽኑ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሠራውን ፕሮግራም) አሻሻልሁ፣ ራሙን በሜምቴስት አንድ ሌሊት ሙሉ አስፈተሽሁ፤ አንድም ስህተት አልተገኘም። በዚህ አንድ ሳምንት አለፈ። ካርዱን ወደ መሥሪያዬ ስወስድ የተለወጠው ማዘርቦርዱ ብቻ አለመሆኑን አላሰብሁም። ለማሽኑ ዕቃዎች ሁሉ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ሌላ ነበር፣ ገመዱ ሌላ ነበር፣ የግድግዳው መብራት እንኳ ሌላ ነበር። ሙከራው አንድ ተጠርጣሪ ነጻ አወጣ እንጂ ከቀሩት መካከል ማንንም አልያዘም።

በዚህ መካከል ባለቤቱ ትዕግሥቱ አልቆ አዲስ ካርድ ለመግዛት ከአዲስ አበባ ዋጋ ማስጠየቅ ጀመረ። «ሙሽሮቹ ሊከሱኝ ነው፤ አንተ ገና ትጠርጋለህ» አለኝ። አልተቆጣሁም፤ እርሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ እል ነበር። አንድ ሳምንት እንዲታገሠኝ ለመንሁት።

መለያው፣ ገመዱና መልቲሜትሩ

ያን ዕለት ኬዙን ከፍቼ ዝም ብዬ ሳየው ዓይኔን የያዘው ኬዙ ራሱ ነው፤ አዲስ ነበር። «ይሄ ኬዝ መቼ ተገዛ?» አልሁት ኤዲተሩን። «ኅዳር ላይ፤ የድሮው በሩ ስለተሰበረ» አለኝ። መቋረጡ የጀመረው በታኅሣሥ ነው። እዚህ አገር ኬዝ ብዙ ጊዜ ከነፓወር ሰፕላዩ እንደሚሸጥ ሁላችንም እናውቃለን፤ ባለቤቱ ግን ኬዝን እንደ ሣጥን እንጂ እንደ ማሽኑ አካል ስለማይቆጥረው «የነካነው ነገር የለም» ያለው ከልቡ ነው። ጥያቄዬ ነው ልክ ያልነበረው። «ሶፍትዌር፣ ካርድ፣ ራም፣ ኬዝ፣ ገመድ፣ ስታብላይዘር» እያልሁ በየስሙ ብጠይቀው ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይነግረኝ ነበር።

የፓወር ሰፕላዩ መለያ በትልቁ «500 ዋት» ይላል። ዓይን የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ከሥሩ ባለው ትንሽ ሠንጠረዥ ግን የ12 ቮልቱ መስመር 18 አምፒር ብቻ እንደሚሰጥ ተጽፏል። 12 በ18 ሲባዛ 216 ዋት ነው። በዛሬ ማሽን ላይ ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚመገቡት ከዚሁ መስመር ስለሆነ እውነተኛው አቅም ይኸው 216 እንጂ 500ው አይደለም። ካርዱ ብቻውን በይፋ የሚፈልገው 120 ዋት ነው፣ ለቅጽበት ደግሞ ከዚያ በላይ ይስባል። ፕሮሰሰሩ 65 ዋት ተብሎ ቢመደብም ሁሉም ኮሮች ሲሠሩ ይህን ያልፋል። ዲስኮቹና ፋኖቹ ሲጨመሩ ገደቡ ላይ ይደረሳል፤ ያም መለያው ራሱ እውነት ከተናገረ ነው። ኤዲተሩ ፎቶ ሲያስተካክል ማሽኑ ለምን እንደማይወድቅና ሬንደር ላይ ለምን እንደሚወድቅ የገባኝ ያኔ ነው፤ ሬንደር ሁለቱን ትልልቅ ተመጋቢዎች በአንድ ጊዜ ያስነሣል።

ካርዱ ከማዘርቦርዱ እስከ 75 ዋት መውሰድ ይችላል፤ ቀሪውን ባለ ስድስት ፒን የሆነ የራሱ ገመድ ያመጣለታል። ይህ ፓወር ሰፕላይ ባለ ስድስት ፒን ገመድ አልነበረውም። ስለዚህ የገጠመው ሰው ከሁለት የሞሌክስ ሶኬቶች (ባለ አራት ቀዳዳ የቆየ ዓይነት መሰኪያ) ወደ ስድስት ፒን በሚቀይር አዳፕተር አገናኝቶታል፤ ሁለቱም ሞሌክሶች ደግሞ ሃርድ ዲስኮቹ በተንጠለጠሉበት በአንዱ ቀጭን ገመድ ላይ ናቸው። አዳፕተሩን ስነቅለው ትንሽ ታገለኝ። ከነጩ ሶኬት አራት ቀዳዳዎች ሦስቱ ነጭ እንደሆኑ ናቸው፤ ቢጫው ሽቦ የሚገባበት አራተኛው ግን እንደ ሻይ ጠይሟል፣ ጠርዙም ቀልጦ ሽቦው ላይ ተጣብቋል። ሲጠጉት የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል።

መልቲሜትሬን አውጥቼ ጫፎቹን ከካርዱ ሶኬት ጀርባ በቢጫውና በጥቁሩ ሽቦ በኩል አስገባሁ። ማሽኑ ሥራ ሳይኖረው 11.9 ቮልት። ፉርማርክ ብቻ ሲጫነው 11.5። ከዚያ ኤዲተሩ የጥምቀቱን ፕሮጀክት አስጀመረ፤ እኔ ቁጥሩን ጮክ ብዬ እያነበብሁ እርሱ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፦ «11.3... 11.2... 11.3... 11.0...» 10.8 ስል ስክሪኑ ጠቆረ። የ12 ቮልት መስመር በደንቡ ከ11.4 በታች መውረድ የለበትም።

እዚህ ላይ ሳልጠቅሰው ማለፍ የማልችለው አንድ ነገር አለ። በዚያው ቅጽበት በኮምፒውተሩ ላይ የተከፈተው የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም 12 ቮልቱን 11.7 እያለ ያሳይ ነበር። እኔም በመጀመሪያው ሳምንት ይህንኑ ፕሮግራም አይቼ «ፓወሩ ደህና ነው» ብዬ ጽፌያለሁ። ፕሮግራሙ አልዋሸም፤ የሚያነበው ማዘርቦርዱ ላይ የደረሰውን ነው። ወደ ካርዱ የሚሄደው ግን በሌላ ገመድ፣ በተቃጠለ ሶኬት በኩል ነው፤ ቮልቱ የሚቀልጠው እዚያ መንገድ ላይ ነው።

መሥሪያዬ የነበረውን፣ በ12 ቮልት 45 አምፒር የሚሰጥና የራሱ ስድስት ፒን ገመድ ያለው ባለ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ አምጥቼ ገጠምሁ። ሌላ አንድም ነገር አልነካሁም፤ እጄ እያሳከከኝም ቢሆን ድራይቨሩን እንኳ አላሻሻልሁም። የጥምቀቱ ፕሮጀክት ሦስት ጊዜ ወጣ፤ ከዚያ ለማረጋገጥ ስድስት ጊዜ ተጨመረበት። በካርዱ ሶኬት ላይ ያለው ቮልት ከ11.9 አልወረደም። የካርድ ግዢው ቀረ።

ያልጠበቅነው ቅሪት፦ ምጣዱ

አራት ቀን በሰላም አለፈ። ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ኤዲተሩ ደወለ፦ «ጋሼ፣ ተመለሰ።» ስሄድ ግን የተመለሰው ያው ችግር አልነበረም። ስክሪኑ አልጠቆረም፣ ፕሮግራሙ ስህተት አልጻፈም፤ ማሽኑ ባንዴ ጠፍቶ ተነሥቷል። በኢቨንት ቪውወር ውስጥ ከበፊቱ 4101 መልእክት አንድም የለም፤ ያለው የከርነል ፓወር ቁጥር 41 ብቻ ነው፤ ማሽኑ በሥርዓት ሳይዘጋ መነሣቱን የሚናገር። በሰማያዊ ስክሪን የወደቀ ማሽንም ይህንኑ ቁጥር ይጽፋል፤ ልዩነቱ በዝርዝሩ ውስጥ ነው። የግራፊክሱ ሰማያዊ ስክሪን ሲሆን የኮዱ ቦታ 278 ይላል፤ 116 በአሥራ ስድስት ቤት የተጻፈ ቁጥር ስለሆነ ወደ ተለመደው አሥር ቤት ሲቀየር 278 ይሆናል። እዚህ ግን ዜሮ ነበር። ዊንዶውስ ምን እንደነካው እንኳ ሳያይ ነው የጠፋው።

ወደ ደብተሩ ተመለስን። ፓወር ሰፕላዩ ከመለወጡ በፊት ከተመዘገቡት 23 መቋረጦች 17ቱ የካርዱ ሲሆኑ፣ 6ቱ ግን እንደዚህ ባለ ዜሮ መጥፋት ነበሩ። እኔ ሁሉንም በአንድ ከረጢት ከትቼ ነበር። ስድስቱን ለይተን ስናያቸው ሁሉም ረቡዕና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ናቸው። ኤዲተሩ ደብተሩን ትንሽ አየው፣ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ፦ «ረቡዕና ቅዳሜ እኮ እንጀራ ይጋገራል።»

የግቢው ባለቤት በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋግራሉ። እንዲህ ያለ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይወስዳል፣ በ220 ቮልት ሲሰላ 15 አምፒር አካባቢ መሆኑ ነው፤ ከቆጣሪው የሚመጣው ሽቦ ደግሞ ያረጀና ቀጭን ነው። እትዬን አስፈቅጄ በቀጣዩ ረቡዕ መልቲሜትሩን ከኮምፒውተሩ አጠገብ ባለው ሶኬት ላይ ይዤ ተቀመጥሁ። ምጣዱ ሳይበራ 216 ቮልት ነበር። ሲበራ 181 ሆነ። ምጣዱ ከመጠን በላይ እንዳይግል በማጥፊያው በየጊዜው ይበራል፣ ይጠፋል፤ በበራና በጠፋ ቁጥር ከጠረጴዛው ሥር ያለው ስታብላይዘር «ቀጭ» ይላል። ድምፁን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ ስሰማው ነበር፤ እንደ ሰዓት ምት ለምጄው ነበር።

«ቀጭ» የምትለው በስታብላይዘሩ ውስጥ ያለችው ራስ-ሰር ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሪሌይዋ ናት፤ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ስትዘል መብራቱ ለጥቂት ሚሊሰከንዶች ይቋረጣል። አንድ ደህና ፓወር ሰፕላይ በሙሉ ጭነት ላይ ሳለ መብራት ቢቋረጥበት ማሽኑን ሊያቆየው የሚገባው ለ16 ሚሊሰከንድ ያህል ነው፤ ይህም በ50 ኸርዝ ከአንድ ዑደት ከ20 ሚሊሰከንዱ ያነሰ ነው። ቮልቱ አስቀድሞ ወርዶ ሪሌይዋ ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ በተከታታይ ብትዘል ትርፉ ያልቃል። የተሻለው ፓወር ሰፕላይ ብዙዎቹን ዝላዮች ተቋቁሟል፤ ሁሉንም ግን አልቻለም።

ለእትዬ ነገሩን ስንነግራቸው ሳቁ። «እንግዲህ በእኔ እንጀራ ነው የሙሽሮቹ ቪዲዮ የዘገየው በሉኛ!» አሉ። በመጀመሪያ ረቡዕና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሬንደር እንዳይጀመር ተስማማን፤ ይህ ምንም ገንዘብ አልጠየቀም፣ በዚያው ሳምንትም ሠራ። ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠርቶ ከቆጣሪው እስከ ማድ ቤቱ በወፍራም ሽቦ የተለየ መስመር ከራሱ ማቋረጫ ጋር ዘረጋ፤ ወጪውን ባለቤቱና እትዬ ተካፈሉ። ምጣዱ ሲበራ በኮምፒውተሩ ሶኬት ያለው ቮልት ከ205 በታች መውረዱ ቀረ። በመጨረሻ መብራት ሲጠፋ ፕሮጀክት ለማስቀመጥ የሚበቃ ትንሽ ዩፒኤስ ተገዛ። አዲሱ ፓወር ሰፕላይ፣ ዩፒኤሱና የመስመሩ ድርሻ አንድ ላይ ተደምረው ሊገዛ ከታሰበው ካርድ ዋጋ አላለፉም።

ወደ ሌላ ጉዳይ የሚሻገረው

ከሁሉ በፊት የማነሣው፣ የስህተት መልእክት የተጎጂውን ስም እንጂ የአጥፊውን ስም እንደማይጽፍ ነው። 4101 ያለበት ማሽን ሲመጣልኝ አሁን መጀመሪያ የማየው የፓወር ሰፕላዩን ትንሿን ሠንጠረዥ ነው፤ አምፒሩን በ12 አባዝቼ ካርዱና ፕሮሰሰሩ ከሚፈልጉት ጋር አነጻጽራለሁ። ይህ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ መሣሪያም አይጠይቅም። ካርዱ በሞሌክስ አዳፕተር የሚመገብ ከሆነ ሶኬቱን ነቅዬ ቀለሙን ሳላይ ሌላ ነገር አልጀምርም።

ሁለተኛው ስለ ማፈራረቅ ነው። ዕቃን ወደ ሌላ ማሽን ወስዶ መፈተሽ ዕቃው ጤነኛ መሆኑን ያሳያል፤ ጥፋተኛውን ለማግኘት ግን ጤነኛ ዕቃ ወደታመመው ማሽን፣ አንድ በአንድ፣ በዚያው ክፍል ውስጥ መምጣት አለበት። እኔ የመጀመሪያውን አድርጌ የሁለተኛውን ውጤት ያገኘሁ መሰለኝ፤ ሳምንቱ የጠፋው በዚህ ነው።

ችግሩን በፈለጉት ጊዜ መቀስቀስ የሚችል የሙከራ ሥራ ሳይኖር «ተሻለው» ማለት ዋጋ የለውም። መዝገብም እንዲሁ፤ ደብተሩ ባይኖር የምጣዱን ነገር በፍጹም አንደርስበትም ነበር፣ ባለቤቱም ፓወር ሰፕላዩ ያልጠቀመ መስሎት ካርዱን ይገዛው ነበር። ሁለት ብልሽቶች አንድ ማሽን ላይ ሲገናኙ የመጀመሪያው ጥገና የከሸፈ ይመስላል፤ ስለዚህ መቋረጦቹን ከመቁጠር በፊት በዓይነታቸው መለየት ያስፈልጋል።

ይህ ማለት ግን ካርድ አይበላሽም ማለት አይደለም። ስክሪኑ ላይ ገና ባዮሱ ሲታይ ጀምሮ ባለ ቀለም ነጠብጣብና መስመር ከመጣ፣ ወይም መቋረጡ ካርዱን ተከትሎ ወደ ጤነኛ ማሽን ከሄደ፣ የካርዱ ሜሞሪ ወይም ቺፑ መጠርጠር አለበት፤ በዚያ ጊዜ ፓወር ሰፕላይ መለወጥ ገንዘብ ማባከን ነው።

አሁን ያለበት

ይህን እስከጻፍሁበት ጊዜ ሦስት ወር ከግማሽ አልፏል፤ ከፋሲካ በኋላ ያለው የሠርግ ወቅትም በመካከሉ አልፎበታል። በደብተሩ ውስጥ የተመዘገበው አዲስ መቋረጥ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ኤዲተሩ አዲስ የኢፌክት ፕለግኢን በጫነበት ቀን የደረሰና ፕለግኢኑ ሲነሣ ያልተደገመ ነው። የካርዱ አንዱ ፋን መንጫጫት ጀምሯል፤ ክረምት ላይ ሊቀየር ታስቧል።

ከባለቤቱ ጋር ያልተስማማንበት አንድ ነገር ቀርቷል። ዩፒኤሱ ራሱ ቮልት የሚያስተካክል በመሆኑ ስታብላይዘሩ ከፊቱ መቆሙ አያስፈልግም፤ ሪሌይዋ በዘለለች ቁጥር ዩፒኤሱ ያለ ምክንያት ወደ ባትሪ ይቀየራል፣ ባትሪውም ቶሎ ያረጃል። ባለቤቱ ግን «እርሱ ለዓመታት ጠብቆናል» ብሎ እንዲነሣ አልፈቀደም። ባለፈው ሳምንት ስሄድ ከጠረጴዛው ሥር አሁንም «ቀጭ» ይላል።